ከመታሰሩ በፊት ያለው ክፍተት

ጋሼ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሁለት ብረቶች መካከል የሚያልፈውን ብርሃን ያያሉ። ብረቶቹ ጣውላ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። የላይኛው ረጅም፣ የታችኛው አጠር ያለ ነው፤ ሁለቱም እንደ ጣና ታንኳ ጫፍና ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ብሏል። የታችኛው ግን ከላይኛው ትንሽ በለጥ አድርጎ ጎብጧል። ስለዚህ ሲደራረቡ ጫፎቹ ይነካካሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ ክፍተት ይቀራል። በወዲያኛው በር የጠዋት ፀሐይ ስለሚገባ ክፍተቱ እንደ ሦስት ቀን ጨረቃ ያበራል፤ መሃሉ ሰፋ ይልና ወደ ዳር እየሳሳ ይጠፋል።

«በዚህ በኩል ቶሎ ይጠፋል» አሉና የታችኛውን ብረት አንስተው ወደ መስፉ ተመለሱ። እኔም አጎንብሼ አይቼ ነበር። ለእኔ ሁለቱም ወገን እኩል ነበር።

የመጣሁበት ጉዳይ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ከእህቴ ባል ጋር በጋራ የያዝናት አሮጌ ሂሉክስ ፒካፕ አለችን፤ ነጠላ ጋቢና፣ ካሶኒዋ ረጅም። እሱ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። መኪናዋ ስትጫን ኋላዋ ይቀመጥና አፍንጫዋ ይነሳል። ማታ መብራቷ መንገዱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያበራል፤ መሪዋ ይቀልላል፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር አክስሉ ከሻንሲው ጋር ተጋጭቶ «ጓ!» የሚል ድምፅ ወገብ ድረስ ይሰማል። «አንድ ባሌስትራ ይጨመርባት» የሚለው ምክር ከሁሉም ሰው አፍ የሚገኝ ነው። እኛም ሰምተን አንድ ጊዜ አስጨምረን ነበር። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና የወለቀ ወፍራም ብረት አመጣ። ስፋቱ አልገጥም ሲል ጎንና ጎኑን በግራይንደር በላው፣ የመሃሉን ቀዳዳ በኦክስጅን እሳት በሳው፣ አሰረው፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ሥራው የግማሽ ቀን ነበር።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ባዶዋን ስትሄድ እንደ በቅሎ ትራገጥ ጀመር። ጭነት ስትይዝ ግን ቀጥ ብላ ስለምትቆም ደስ ብሎን ነበር። በአራተኛው ወር፣ ሞጆን ሳናልፍ፣ ያ ወፍራም ብረት በእሳት በተበሳው ቀዳዳ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሽንኩርቱ ሌላ መኪና ላይ ተገልብጦ አዲስ አበባ ገባ፣ እኛ ደግሞ በክሬን።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጊዜ ሰው ጠይቄ፣ አጠያይቄ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ጋሼ ጋ ደረስኩ። የተሰበረውን ብረት ይዤ ነበር የሄድኩት። ተቀብለውኝ ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። ቀዳዳው ዙሪያ ብረቱ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ከቀዳዳው ጠርዝ የጀመረ አንድ ጥቁር፣ ያረጀ ስንጥቅ ነበር፤ ቀሪው ስብራት ግን አዲስና እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ነው። «ይሄ ሞጆ ላይ አይደለም የተሰበረው» አሉ። «በታሰረበት ቀን ነው መሰበር የጀመረው። ሞጆ ላይ ጨረሰ።»

ከዚያ ጠየቁኝ፤ «ስንት ነው የምትጭኑት?»

«አሥራ አራት ኩንታል፤ አንዳንዴ አሥራ አምስት።»

«ልጄ፣ ይቺ የአንድ ቶን መኪና ናት። አሥር ኩንታል ሳትንገዳገድ በየቀኑ እንድትይዝ አድርጌ እሠራልሃለሁ። ለአሥራ አምስቱ ግን አይሱዙ ግዙ። እኔ ባሌስትራ ነው የምጨምረው፤ አክስል አልጨምርም፣ ፍሬን አልጨምርም፣ ሻንሲ አልጨምርም።»

እምቢታቸው ደስ አላሰኘኝም፤ የእህቴን ባል ፊት አስቤ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የሥራቸው የመጀመሪያ ልክ የተለካው በዚያች እምቢታ ነው። ባሌስትራ ወፍሮ ኋላዋ ስላልተቀመጠ ብቻ መኪናው ጭነቱን ቻለው ማለት አይደለም። የጎማው፣ የኩሺኔቱ፣ የአክስሉ ቱቦ ዐቅም ያው የፊቱ ነው። መቀመጧ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ከልኩ በላይ መጫኗን ለሾፌሩ ትነግረው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዳዶው፣ ክሪኩ፣ ሞርሳው፣ ትራፓኖው። «ባሌስትራ» በጣሊያንኛ መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ስም ነው፤ በእንጨት ግንድ ላይ ተጋድሞ ፍላጻ የሚያስወነጭፍ ቀስት። ስሙ ወደ መኪናው የተላለፈው በቅርጹና በጠባዩ ነው፤ ሁለቱም ተለጥጠው ኃይል የሚያጠራቅሙ ጎባጣ ብረቶች ናቸው። ጥቅልል የሆነውን ደግሞ «ሞላ» እንላለን፤ እሱም ጣሊያንኛ ነው። በእኛ አፍ ግን «ሞላ» ሌላ ትርጉም ስላለው፣ የጋሼ ረዳት የሆነው ወጣት «ጋሼ፣ የሞላው ሞላ ሞላ ወይ?» እያለ ሲቀልድ ሰምቻለሁ። ጋሼ አልሳቁም። ብዙ ጊዜ የሰሙት ቀልድ ይመስለኛል።

የእኛዋ መኪና ባሌስትራ ሲፈታ አራት ብረቶች እያንዳንዳቸው 7 ሚሊሜትር ውፍረትና 6 ሳንቲሜትር ስፋት ነበራቸው። ከሥራቸው ደግሞ ቀጥ ያለች፣ አጭርና ወፍራም አንዲት ብረት አለች፤ መኪናዋ ባዶ ስትሆን ምንም የማትሠራ፣ ጭነት ሲመጣ ብቻ የላይኞቹ ወርደው የሚደገፉባት። ፋብሪካው ያኖራት ረዳት ናት። በባዶ ለስላሳ፣ በጭነት ጠንካራ መሆን የሚቻለው በእሷ ነው። ያ የመጀመሪያው ጋራዥ የጨመረው ወፍራም ብረት ይህን ልዩነት ነው ያጠፋው፤ በባዶም በጭነትም ሌት ተቀን የሚሠራ ብረት ነበርና።

አራቱን የሚሠሩ ብረቶች ጋሼ በኖራ ቁጥር ጽፈውባቸው በተራ ደረደሯቸው። ያን ጊዜ ነው ያላየሁትን ያየሁት። ከዋናው ከላይኛው ጀምሮ ወደ ታች እያንዳንዱ ብረት ከበላዩ ካለው በትንሹ በለጥ አድርጎ ጎብጧል። ሳይታሰሩ ሲደራረቡ በየመካከላቸው ክፍተት አለ። የመሃሉ ቡሎን ሲጠብቅ ክፍተቱ ይዘጋል፤ አጫጭሮቹ በጫፋቸው ዋናውን ወደ ላይ ይገፉታል፣ ቡሎኑ ደግሞ ወገቡን ወደ ታች ይስበዋል። ዋናው ብረት ገና ጭነት ሳያይ፣ ጭነቱ ከሚያጎብጠው በተቃራኒ ተወጥሮ ይቀመጣል ማለት ነው። ጭነቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ውጥረት ያረግብለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሠቃየት የሚጀምረው። ዋናው ብረት አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚጎተተው፣ ጥምዝ ላይ የሚጣመመው እሱ ነው። ሌሎቹ የመሸከሙን ጣጣ ቀድመው እንዲወስዱለት ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዚያ ትንሽ ጣት በማይሞላው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከበዛ አጭሩ ብረት ብቻውን ተወጥሮ ይሰበራል፤ ካነሰ ዋናው ያልቃል፤ ከሌለ ደግሞ የተጨመረው ብረት ክብደት እንጂ ድጋፍ አይሆንም።

እና ውፍረቱ? እኔ «ትንሽ ወፈር ያለ ቢሆንስ?» ብዬ ነበር። ጋሼ ኖራቸውን አንስተው ወለሉ ላይ ጻፉልኝ። 7 በ7 በ7፣ 343። 10 በ10 በ10፣ 1,000። «አንድ ባለ 10 ሚሊሜትር ብረት ስትጨምር ሦስት የሚጠጉ ባለ 7 ጨመርክ ማለት ነው» አሉ። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬ በውፍረቱ ልክ አያድግም፤ ውፍረቱ ሦስት ቦታ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚወጣው ቁጥር ልክ ነው የሚያድገው። ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ወፍራምና ቀጭን ብረት እኩል ዝቅ ሲሉ፣ በወፍራሙ ቆዳ ላይ የሚያርፈው ልጠጣ ይበልጣል። አብረው ወርደው አብረው የሚነሱ ከሆነ ቀድሞ የሚደክመው ወፍራሙ ነው። ሞጆ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ እሳቱ ቦታውን መረጠለት እንጂ ዕዳው ቀድሞም ነበር። ጋሼ የወሰኑት በየጎኑ አንድ ብቻ፣ ባለ 7 ሚሊሜትር፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መሃል የሚገባ ብረት ነው። ርዝመቷ ስለሚያንስ ልኩ ባይሞላም ጥንካሬውን በሩብ ገደማ ከፍ ታደርጋለች። ይበቃል አሉ።

ብረቱን ለመምረጥ ከረዳታቸው ጋር ሶማሌ ተራ ሄድን። ከተፈታቱ መኪኖች የወጣ ባሌስትራ እንደ ማገዶ ተከምሮ የሚሸጥበት ቦታ አይጠፋም። ወጣቱ ለመጀመሪያው ጎን ሦስት መረጠና ይዘን ተመለስን። ጋሼ እያንዳንዱን በሽቦ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ነካ አደረጉት። የመጀመሪያው ጮኸ፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የደወል ድንጋይ የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ። ሁለተኛው «ድፍ» ብሎ ቀረ። ምንም ስንጥቅ አይታይበትም ነበር፤ ጋሼ ግን ወደ ጥግ ወረወሩት። ናፍጣ ቀብተው፣ ጠርገው፣ ኖራ ቢነሰንሱበት ስንጥቁ ናፍጣውን እየተፋ መስመር እንደሚያወጣ ነገሩኝ። እኔ ይህን ማየት ፈልጌ ነበር፣ እሳቸው ግን ጊዜ ማጥፋት ነው አሉ። ጆሯቸውን አምነዋል። ሦስተኛው ጮኸ፤ ነገር ግን በውስጠኛው፣ በላይኛው ገጹ ላይ ዝገት የቆፈራቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩት። እሱም ቀረ። ባሌስትራ ሲጫን የሚለጠጠው የላይኛው ገጹ ስለሆነ፣ ሥር ላይ ያለ ጉድጓድ ይቅር ይባላል፣ ላይ ያለ ግን አይባልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ፣ በሁለቱም ጎን፣ ያለ እሳት ነው የሠሩት። የባሌስትራ ብረት ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ በብዙዎቹ ላይ ክሮምና ማንጋኒዝም አለ። በፋብሪካ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በልኩ እንደገና ሞቆ ቁጣው ይበርዳል። ተለጥጦ የሚመለሰው በዚህ ሁለተኛ ሙቀት ነው። ብየዳ ወይም ኦክስጅን የነካው ቦታ ይህን ሁሉ ያጣል፤ አንዱ ጎን እንደ ሸክላ ተሰባሪ፣ አጠገቡ ያለው እንደ ቆርቆሮ ልፍስፍስ ይሆናል። ጋሼ የመሃሉን ቀዳዳ ማስፋት ነበረባቸው። ትራፓኖውን በዝግታ እያሽከረከሩ፣ ዘይት እያንጠባጠቡ፣ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ፈጀባቸው። ከዚያ የቀዳዳውን ጠርዝ በክብ ሞረድ፣ በመጨረሻም በጣታቸው በጠቀለሉት ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ጣቴን አስገብቼ ሞከርኩት፤ እንደ ቀለበት ውስጥ ነው። ማንም የማያየው፣ ቡሎን የሚሞላው፣ ግራሶ የሚደፍነው ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ እዚያው ላይ ደቂቃ አልፈጀበትም ነበር።

ቀጥሎ ማጉበጡ። የሚፈልጉትን ጉብጠት የያዙት በአጥር ሽቦ ነው። የሁለተኛውን ብረት ቅርጽ ሽቦ አስደግፈው ወሰዱ፣ ከዚያ ሽቦውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ልክ ትንሽ ጨመሩበት። ይህች ሽቦ ናት የሥራው ሥዕል። ብረቱን በሁለት ድጋፍ ላይ፣ ጉድጓዳው ገጹን ወደ ላይ አድርገው አጋደሙት፤ በመካከሉ በከባድ መዶሻ መቱት፤ አንድ ጣት ወደ ጎን ገፋ አደረጉት፣ መቱት፤ ገፋ፣ መቱት። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ሲመቱ አላየሁም። አንድ ቦታ ላይ የተደጋገመ ምት ክርን ያወጣል፤ ክርን ያለው ባሌስትራ ደግሞ ሁልጊዜ ክርኑ ላይ ነው የሚታጠፈው። ከዳር ዳር ከደረሱ በኋላ ሽቦዋን አስጠጉ፣ አዩ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ መልሰው ነካኩ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ብረቱ ከሽቦዋ አልፎ ጎብጧል። ተሳስተዋል ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ ግን ሆን ብለው ነው፤ ብረቱን ከጭነት መኪና ክሪክ በሠሯት ፕሬስ ላይ አድርገው ወደ ታች ተጫኑት፤ ቀጥ እስኪል፣ ከዚያም ትንሽ አልፎ። ሲለቁት ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ደገሙት፣ ሠለሱት። በሦስተኛው ከፕሬሱ ሲወጣ በሽቦዋ ላይ ልክ ተኛ። በመዶሻ እንዲጎብጥ የተገደደ ብረት ውስጡ የተደበቀ ውጥረት ይቀራል፤ ያ ውጥረት ጭነት ከሚያመጣው ጋር አንድ ወገን ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ያደክመዋል፣ ቶሎም ጠፍጥፎ ይቀመጣል። በመጨረሻ ጭነት በሚመጣበት አቅጣጫ ከልክ በላይ ሲጫኑት ግን የውስጡ ውጥረት ተገልብጦ ለብረቱ ወገን ይቆማል። በትልልቅ ፋብሪካዎችም አዲስ ባሌስትራ ከመውጣቱ በፊት ይህንኑ ያደርጉታል፤ በሚለጠጠው ገጹ ላይ ደግሞ ትንንሽ የብረት ፍሬዎች በኃይል ይረጩበታል። «ጋሼ፣ ይህን ከየት ተማሩ?» አልኳቸው። «ጠፍጥፎ ከተመለሰብኝ ሥራ» አሉ።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ሰው «ቀጥቃጭ» ብለን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለከፋ ነው። አሁን ስድቡ ቀርቷል፤ ንቀቱ ግን በሒሳብ ላይ ይታያል። ለመለዋወጫው የተጠየቀውን ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ለእጅ ዋጋ ሲሆን ይከራከራል። እኔም ተከራክሬያለሁ።

ቀሪውን በፍጥነት ልለፈው፤ እሳቸው ግን በፍጥነት አላለፉትም። የአዲሷን ብረት ሁለት ጫፎች አሳስተው በሞረድ አድቦለቦሏቸው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ጫፍ የበላዩን ብረት እንደ መሮ ስለሚቆፍር ነው። ብረቶቹን በአንድነት የሚያቅፉትን ቀለበቶች ሲያጥፉ ሆን ብለው ላላ አደረጓቸው፤ ብረቶቹ ሲሠሩ አንዱ በአንዱ ላይ መንሸራተት አለባቸውና። የመሃሉ ቡሎን አዲስ ገባ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶችም አራቱም አዲስ ገቡ። አሮጌዎቹ ደህና ይመስሉ ነበር፤ አንዴ የተለጠጠ ቡሎን ግን ሁለተኛ በልኩ አይጠብቅም። አክስሉን በቦታው የሚይዘው የዩ ቦልቶቹ መጨምደድ ነው፤ እነሱ ሲላሉ ሸክሙ በቀጭኑ የመሃል ቡሎን ላይ ይወድቃል፣ እሱ ሲቆረጥ አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው እንደ ውሻ ወደ ጎን ዞሮ ይሄዳል። በመንገዳችን እንዲህ የሚሄዱ መኪኖች ከኋላ ሆናችሁ ያያችሁ ይመስለኛል። የጫፎቹን ቡሎኖች በጣት ብቻ አስገብተው ተዉአቸው። መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው በቁልፍ ያጠበቋቸው፤ ተንጠልጥላ ሳለች ቢጠብቁ በውስጣቸው ያለው ጎሚኒ ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ይታሰርና በሳምንታት ይበጣጠሳል።

ሾክ አብዞርበሮቹን አልነኳቸውም። አንደኛው ከአክስሉ ፊት፣ ሌላኛው ከአክስሉ ኋላ የታሰሩ መሆናቸውን ግን በጣታቸው አሳዩኝ። ሳየው የቸኮለ ሰው ስህተት ይመስላል። ነገር ግን አክስሉ ነዳጅ ሲረገጥ በራሱ ዙሪያ ለመጠምዘዝ ሲሞክር አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይይዙታል። «ጃፓኖቹ አስበውበታል» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ የወጣ ትልቁ ሙገሳ ይህ ነው።

ያበቃ መስሎኝ ቁልፌን ሳወጣ ጋሼ እንደገና ከሥር ገቡ። በብዙ አሮጌ ሂሉክሶች ላይ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ አለች፤ ከላይ ጫፏ የፍሬን ቫልቭ ላይ ታስራለች። መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቩ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ግፊቱን ይቀንሳል፤ የቀለለ ኋላ ፍሬን ሲበዛበት ይንሸራተታልና። አሁን ኋላዋ ከፍ ብሏል። ጭነት ሲመጣም እንደ ድሮው አይወርድም። ቫልቩ ሽንኩርት የሞላችውን መኪና ባዶ ናት ብሎ ያምናል ማለት ነው፤ ፊተኛው ፍሬን ብቻውን ይሠራል፣ ቁልቁለት ላይ ይግላል። ባሌስትራ አስጨምረው ጣርማ በርን ወይም የዓባይን በረሃ ጭነው የሚወርዱ ስንቶቹ ይህችን ዘንግ እንዳስተካከሉ እንጃ። የመጀመሪያው ጋራዥ መኖሯንም አላየ። ጋሼ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መኪናዋ ባዶ ሳለች የዘንጓን አቀማመጥ በኖራ ሻንሲው ላይ ምልክት አድርገውባት ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አሁን ማያያዣዋን በዳዶ እያስተካከሉ ወደዚያች ነጭ ምልክት መለሷት። በማግስቱ አሸዋ በጆንያ ጭነን ኮረት መንገድ ላይ ፍሬን አስያዙኝ፤ እሳቸው ከውጭ ቆመው የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚንሸራተት አዩ። የኋላው ከፊተኛው መቅደም የለበትም። ሁለት ጊዜ ዳዶዋን ነኩ፣ በሦስተኛው ተዉአት።

ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካን። ባዶዋን በግራና በቀኝ 3 ሚሊሜትር ልዩነት፤ በአሥር ኩንታል 2 ሚሊሜትር። ስትጫን ከፊትና ከኋላ ደልደል ብላ ቆመች፤ ያቺ የታችኛዋ ወፍራም ረዳት ደግሞ ገና መነካት ጀምራ ነበር፣ ፋብሪካው እንዳሰበላት። ባዶዋን ስነዳት ኋላዋ ትንሽ ከፍ ብላለች፤ ትራገጣለች ብዬ የፈራሁት ግን የለም። ከጎን ለሚያያት ምንም የተሠራባት ነገር አይታይም። ከሥሯ ገብቶ ለሚቆጥር ብቻ በየጎኑ አንድ ብረት በዝታለች።

የወለቀውን የተሰበረ ወፍራም ብረት ጋሼ ለመጣል አልፈቀዱም። የባሌስትራ ብረት ለማረሻና ለገጀራ የሚፈለግ ነው፤ ከገጠር የሚመጣ አንድ ብረት ሠሪ በየሳምንቱ እየመጣ ይወስድላቸዋል። በእሳት የተበላሸውን መልሶ በእሳት ማዳን የሚችለው እሱ ነው አሉ።

«500 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ተመለስ» ብለውኝ ነበር። ከመቂ ሁለት ደርሶ መልስ ነው። ተመለስኩ። በዩ ቦልቶቹ ላይ ቁልፍ አስገብተው ሞከሩ፤ ከስምንቱ ዳዶዎች ሦስቱ ከሩብ ዙር ያነሰ ተንቀሳቀሱ። አጠበቋቸው። ገንዘብ ስዘረጋ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «የዛኔ ከፍለሃል» አሉ። የእህቴ ባል እስካሁን አሥር ኩንታል ነው የሚጭነው፤ አሥራ አንደኛውን ሲያስብ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነው የሚደውለው፣ መልሱም አልተለወጠም።

እናንተም ለመኪናችሁ ባሌስትራ ልታስጨምሩ ከሄዳችሁ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ብረቶቹ ከመታሰራቸው በፊት ተደራርበው አሳዩኝ በሉ። ከዚያ አጎንብሳችሁ በመካከላቸው ብርሃን መኖሩን እዩ።